«ለልጇ ብዬ ነው»፦ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ስለምንጮህበትና ስለምንመታበት ሰዓት

(ለሚድዋይፎችና ለመመረቅ ለተቃረቡ ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ ነው። የአነጋገሩን መልክ ብዙም አልነካሁትም።)

እንደምን አላችሁ። ከሌሊት ዲውቲ ወጥታችሁ፣ ሳትተኙ የመጣችሁ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ለምን እንጮሃለን? ለምን የምታምጥ ሴት ጭን በጥፊ እንመታለን? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ለብዙ ባልደረቦቼ አቅርቤያለሁ፤ ለሚድዋይፎች፣ ለነርሶች፣ ለጠቅላላ ሐኪሞችም። ስብሰባ ላይ አልጠየቅሁም፣ ስብሰባ ላይ የልብ አይወራም። ተረኛ ክፍል ውስጥ፣ ሻይ ላይ፣ ሌሊት ሥራው ቀዝቀዝ ሲል ነው የጠየቅሁት። መልሱ ይመሳሰላል። «ካልተቆጣኋት አትገፋም።» «እግሯን ገጠመችብኝ፣ ልጁ ሊታፈን ነበር።» «ለልጇ ብዬ ነው።» «በኋላ እኮ መርቃኝ ነው የሄደችው።»

ስለምጠላት ነው ያለኝ አንድም ሰው የለም። እኔም አምናቸዋለሁ። አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ ደሟ አልቆም ላለ እናት ከራሳቸው ደም ሰጥተው ወደ ሥራቸው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ከደመወዛቸው ለወላድ ሾርባ የሚገዙ ናቸው። እነዚሁ ሰዎች ናቸው ምጥ ላይ ያለችን ልጅ «ስትተኚ አላሰብሽም?» የሚሏት። ሁለቱ ነገር አንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚገናኝ ካልገባን ይህን ነገር አናስቆመውም።

እኔ የምለው አጭር ነው። ያ ጩኸትና ያ ጥፊ አብዛኛውን ጊዜ ከፍርሃት የሚመጣ ነው፤ ባለሙያው በዚያች ሰዓት ሌላ የሚያደርገው ነገር ስላልተማረ የሚመጣ ነው። ልጁንም አያድንም። ስለዚህ ወላድን ማክበር ሳይተነፍስ የተወለደን ሕፃን እንደ ማነቃቃት ሁሉ በእጅ የሚለመድ ሙያ ነው፣ መማርም ያለብን እንደዚያው ነው።

መቼ እንደምንመታ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። በጋና፣ በጊኒና በናይጄሪያ ተመልካቾች ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ገብተው ምጡን ከዳር እስከ ዳር ተከታትለዋል። ከ2,016 ሴቶች መካከል 838ቱ ተመትተዋል፣ ተሰድበዋል ወይም ተንቀዋል። ከመቶ 42 ገደማ ማለት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቁጥሩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ድብደባውና ስድቡ ጣሪያ የነካው ልጁ ሊወለድ 30 ደቂቃ ሲቀረው ጀምሮ ከተወለደ በኋላ እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ጠዋት ስትመጣ አይደለም፣ ካርድ ስታወጣ አይደለም። በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ማን ላይ በረታ? ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉና ባልተማሩ ልጃገረዶች ላይ። ሀገሩ ጋና ይሁን እንጂ፣ እዚህ የተቀመጥን ሁላችን ክፍሉን እናውቀዋለን።

በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ሴትዮዋ ፉሊ ሆናለች፣ የማሕፀኗ በር ሙሉ ተከፍቷል። የልጁ ጭንቅላት እየታየ ይመለሳል። አልጋው ጠባብ ነው፣ እግሯ ብረቱ ላይ ተሰቅሏል፣ ጀርባዋ ላስቲክ ላይ ተጣብቋል፣ ከወገቧ በታች ራቁቷን ናት፤ በሩ ይከፈታል ይዘጋል። በፌቶስኮፕ ስትሰሙት የልጁ ልብ ቀዝቀዝ ያለ ይመስላል። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለችው «ሲስተር መጣብኝ!» እያለች ትጮኻለች። ይህቺኛዋ ወደ ላይ ትሸሻለች፣ ጭኗን ትገጥማለች። ያን ጊዜ ባለሙያው ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው አንድ ሐሳብ ነው፤ ልጁ ሞቶ ቢወለድ ማን ይጠየቃል? እኔ። ማን ይፈርምበታል? እኔ። እጁ የሚነሳው ያን ጊዜ ነው።

ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። አላቃልለውም። የእናትና የሕፃን ሞት ሲገመገም ስም ሳይጠራ፣ ጥፋተኛ ሳይፈለግ ነው መሆን ያለበት፤ መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው። ክፍሉ ውስጥ ግን ጣት እንዴት እንደሚቀሰር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጥፋተኛ ፍለጋ የለመደ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ፍርሃቱን የሚያሳርፈው ከሱ በታች ባለ ሰው ላይ ነው፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ ከሁሉም በታች ያለችው እግሯ የተሰቀለው ሴት ናት።

አሁን ወደ «ለልጇ ብዬ ነው» እንመለስ። እውነት ልጁን ያድነዋል ወይ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ምጥ ክትትል 56 ምክሮችን አውጥቷል። ብዙዎቹ እኛ በየቀኑ ከምናደርገው ጋር ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ሁለተኛው ደረጃ፣ ማለትም የማሕፀን በር ሙሉ ከተከፈተ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ልጅ እስከ 3 ሰዓት፣ ወልዳ ለምታውቅ እስከ 2 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። እኛ ግን አሥር ደቂቃ ሲያልፍ ላብ ያጠምቀናል። ሴትዮዋ የራሷን ስሜት ተከትላ ትግፋ ይላል፤ «ያዢ! አትተንፍሺ! ግፊ ግፊ ግፊ!» የሚል ኮረስ የለበትም። የፈለገችውን አቀማመጥ ትምረጥ ይላል፣ ተንበርክካም ይሁን ተቀምጣ። ሆድ በእጅ መጫን አይመከርም። ኢፒዚዮቶሚ፣ ማለትም ልጁ እንዲወጣ የብልትን በር ቆርጦ ማስፋት፣ ለሁሉም በጅምላ አይሠራም። ነገሮች በደህና እየሄዱላት ያለች ሴት ውሃ መጠጣትም መብላትም ትችላለች።

እንግዲህ አስቡት። በጀርባዋ አስተኝተናታል። ከባዱ ማሕፀን ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫነው ወደ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ትንፋሽሽን ያዢ ብለን ረጅም ጊዜ አስጨንቀናታል፤ በዚህም ልጁ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ከዚያ የልጁ ልብ ሲቀዘቅዝ ደንግጠን እንመታታለን። የተመታ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? ይኮማተራል። ጭኗን የበለጠ ትገጥማለች። እሷ ስትገጥም እኛ ጩኸቱን እንጨምራለን። በመጨረሻ ልጁ ይወለዳል፤ ምክንያቱም ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ይወለዳሉ። እኛም «አያችሁ? ባልቆጣት ኖሮ…» እንላለን። ትምህርቱ የሚተላለፈው እንዲህ ነው። ዳር ላይ የቆመችው ተማሪ ያየችውን ይዛ ትሄዳለች፣ በሚቀጥለው ዓመት እሷም እንዲሁ ታደርጋለች።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የት እንደሆነ አልናገርም።

ልጅቷ አሥራ ስምንት ቢሞላት ነው። ከገጠር በአምቡላንስ መጥታለች፤ እናቷ አብረው መጥተው ጥበቃው በር ላይ አስቀርቷቸዋል። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ፉሊ ከሆነች ቆይታለች። እግሯ ሥር አራት ተማሪዎች ቆመዋል፣ ሦስቱ ወንዶች ናቸው። የተግባር ሥራቸው ለሚመዘገብበት ሎግቡክ ኬዝ ይፈልጋሉ፣ አልፈርድባቸውም። ምጡ በመጣ ቁጥር ልጅቷ በክርኗ እየገፋች ወደ አልጋው ራስጌ ትሸሻለች፤ ተረኛው በቁርጭምጭሚቷ እየጎተተ ይመልሳታል። «ማርያም! ማርያም!» ትላለች። ተረኛው ድምፁን ከፍ አድርጓል። ጥፊው ሊመጣ ነው፣ እጁን እያየሁት ነበር።

ከጎን አልጋ አንዲት አንጋፋ ሚድዋይፍ መጣች። ስለ መከባበር ንግግር አላደረገችም። መጀመሪያ ተማሪዎቹን «ሁለታችሁ ውጡ፣ ሁለታችሁ ወደ ራስጌ» አለቻቸው። በነጠላዋ የልጅቷን ጉልበት አለበሰቻት። ከእግሯ በኩል ሄዳ ፊቷ ጋ ቆመች፣ ጎንበስ አለችና ስሟን ጠየቀቻት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ክፍሉ ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ «ፕሪሚዋ» (የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው) ነበረች፣ ወይም «ሦስተኛ አልጋ»። ከዚያ እግሯን ከብረቱ አወረደችላትና በግራ ጎኗ አስተኛቻት። የልጁን ልብ አዳመጠች፤ ድምፁን ለልጅቷም ነገረቻት፣ «ደህና ነው፣ እየሰማሁት ነው» ብላ። «ምጡ ሲመጣ እኔን ያዢ፣ ሲሄድ ልቀቂኝ፣ ያን ጊዜ እረፊ።» የእጅ አንጓዋን ሰጠቻት። አንዱን ተማሪ እናቷን እንዲያመጣ ላከችው።

እናትየው ሲገቡ ልጅቷ መልኳ ተለወጠ። መሸሿን አቆመች። ልጁ በጎኗ እንደተኛች ተወለደ፣ አለቀሰ። ያቺ ሚድዋይፍ የሠራችው እያንዳንዱ ነገር ስም ያለው፣ ደረጃ ያለው፣ ልንማረው የምንችለው ነገር ነው። አቀማመጥ መቀየር ሕክምና ነው። መሸፈን ሕክምና ነው። በምጦቹ መሐል ማሳረፍ ሕክምና ነው። እሷ «ደግ ሴት ናት» ተብሎ እንዲታለፍ አልፈልግም። ደግም ናት፤ ግን እያየን የነበረው ችሎታዋን ነው።

ሕፃን ማነቃቃት እንዴት ተማርን? በአሻንጉሊት ላይ፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው በአምቡ ባግ፣ እጃችን እስኪለምደው ደጋግመን። አስተማሪው ሰዓት ይዞ ቆሞ። የፈራች ሴት ስትሸሽ ምን እንደሚደረግ ግን በእጅ ያለማመደን አለ? እጃችሁን አውጡ። እስካሁን ይህን በጠየቅሁባቸው አዳራሾች ሁሉ እጅ የሚያወጣው ሰው ጥቂት ነው። የተሰጠን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው።

ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር ልበል። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራት ከዋና ዋናዎቹ አጀንዳዎች አንዱ ነበር። ጥሩ ነገር ነው፤ ሀገር ደረጃ ላይ ጉዳዩ በስሙ መጠራቱ ቀላል አይደለም። ችግሩ ብዙ ቦታ ሥልጠናው ስለ ሥነ ምግባር ብቻ መሆኑ ነው። ሦስት ቀን አዳራሽ ተቀምጠን መልካም ሰው ሁኑ ተባልን። ጭኗን ስትገጥም እጄን የት ላድርግ የሚለውን አልነገሩንም። እ.ኤ.አ. በ2017 በሀገራችን ከሚድዋይፎችና ከእናቶች ጋር በተደረገ ቃለ መጠይቅ ላይ የተመሠረተ ጥናት ታትሞ ነበር። ባለሙያዎቹ አብዛኛው በደል ታስቦበት የሚደረግ እንዳልሆነ፣ ከአሠራሩ ድክመት ወይም ከሕክምና ግዴታ እንደሚመጣ ተናግረዋል። ስለ ምስጢር መጠበቅና ስለ ፈቃድ መጠየቅ መሠረታዊ ዕውቀቱ አላቸው። ተግባራዊ ሥልጠና ቢሰጠን ደስ ይለናል ብለዋል። እናቶቹ ደግሞ መብታቸው እንደተጣሰ ያውቃሉ፤ ስሙ የጠፋ ጤና ጣቢያም አይሄዱም። ወሬ ከአምቡላንስ ይፈጥናል። አንዲት ሴት የተመታችበት ቀበሌ ውስጥ ስንት ሴት ቤቷ ለመውለድ እንደምትወስን የሚቆጥር የለም፤ ከመካከላቸው አንዷ ደም ሲፈሳት ግን ቤቷ ናት።

አሁን እኛ በደል ነው ብለን ስለማንቆጥረው ላውራ። ይሄኛው ይከብዳል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ንጹሕ ነኝ የሚል ክፍል ያለ አይመስለኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያዎች የወለዱ 173 እናቶች ተጠይቀው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። የተደረገባቸው ነገር በዝርዝር ሲጠየቅ ከመቶ 79 ገደማ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዓይነት በደል ደርሶባቸዋል። እነዚሁ እናቶች «በደል ደርሶብኛል ትያለሽ ወይ?» ሲባሉ ግን አዎ ያሉት ከመቶ 16 ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት እንዲያ መሆን ያለበት ይመስላቸዋል። ልጄን በሰላም ይዤ ከወጣሁ ሌላ ምን እፈልጋለሁ ይላሉ። እኛም እንደነሱ ነን። ምን ልናደርጋት እንደሆነ ሳንነግራት፣ ሳናስፈቅዳት፣ እንዴት ሆና መውለድ እንደምትፈልግ ሳንጠይቃት እንውላለን፤ በዚያ ጥናት ሆስፒታሉ ውስጥ ከወለዱት ይህ ያልደረሰባት አንዲትም አልነበረችም። በዚያው ሆስፒታል ከመቶ 60 በላይ የሚሆኑት ምጥ ላይ እያሉ የሚያያቸው ሰው አጥተው ነበር።

በተለይ በእጅ በሚደረገው የማሕፀን በር ምርመራ ላይ ቆም በሉልኝ። ምጡ በደህና እየሄደ ከሆነ በየአራት ሰዓቱ አንዴ በቂ ነው። ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ግን ሬዚደንቱ ያያል፣ ኢንተርኑ ያያል፣ ሚድዋይፏ ታያለች፣ ተማሪው «እኔም ልየው» ይላል። አንዲት ሴት በአንድ ሌሊት ውስጥ ስንት የማታውቀው ሰው እጅ እንደሚገባባት አስቡ። ስሙን የነገራት የለም። ምን እንዳገኘ የነገራት የለም። ጓንቱን አውልቆ በእንግሊዝኛ «ሰባት ሴንቲ» ብሎ ለጓደኛው ነግሮ ይሄዳል። ይህ ከጥፊው ያነሰ አይመስለኝም። አንዲት ጎረቤቴ ከወለደች ዓመታት አልፈው እስካሁን የምታነሳው ይህን ነው፤ ስፌቱን አይደለም፣ ሕመሙን አይደለም።

«ልመረምርሽ ነው፣ እጄ ቀዝቃዛ ነው፣ አቁም ካልሽኝ አቆማለሁ።» ይህን ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ጓንት ከማጥለቅ ያንሳል። ላንሴት ላይ በወጣው ጥናት ኢፒዚዮቶሚ ከተሠራባቸው 253 ሴቶች 190ዎቹ ፈቃድ አልተጠየቁም። እኛ ጋ ቢቆጠር የተሻለ ይሆናል ብላችሁ ትገምታላችሁ? ማደንዘዣው፣ ሊዶካይን፣ እያለ ሳይሰጡ መስፋትስ? «ትንሽ ናት፣ አያማትም» ሲባል ስንቴ ሰምተናል? ያማታል።

አሁን የእናንተን ጥያቄ ላንሳ፤ ብዙዎቻችሁ ሆዳችሁ ውስጥ ይዛችሁት ተቀምጣችኋል። «እኛንስ ማን አከበረን?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2011 ከመቶ 10 ነበሩ። በ2016 ከመቶ 26 ሆኑ፣ በ2019 ከመቶ 48። ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት፣ በእግራቸው የሠሩት ሥራ ነው፤ የእናንተም ነው። ስንት እናት እንዳተረፈ ሳስብ ኩራት ይሰማኛል። ግን አልጋው በዚያው ልክ ጨምሯል? ሚድዋይፉስ? አንድ ሰው ሦስት ምጥ ይዞ ያድራል። ውሃ ይጠፋል። ጓንት ያልቃል፣ አገልግሎቱ ነፃ ነው የተባለች ወላድ ቤተሰብ ከውጭ ግዛ ይባላል፣ ስድቡን የሚቀበለው ግን ግዛ ያለው ተረኛ ነው። የዲውቲ ክፍያ ይዘገያል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አደባባይ ሲወጣ ማንም «ምን ጎደለባቸው» ሊል አይችልም ነበር። ቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ አለቃው ሰው ፊት የሚያዋርደው ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል። ይህ መስተካከል አለበት፤ ማስተካከል ያለበትም መንግሥትና አስተዳደሩ ነው። እናንተን በሥልጠና ብቻ አርሞ የሚሆን አይደለም።

ግን አንድ ነገር እንለይ። ሌሊት ለሦስት ሴት አንድ ሚድዋይፍ ሲሆን አንዷ ብቻዋን ትቀራለች። ይህ የሰው እጥረት ነው፣ ተረኛውን አልወቅስም። ጥፊ ግን የሰው እጥረት አያመጣውም፤ ለመምታትም ላለመምታትም የሚያስፈልገው ያው አንድ ሰው ነው። መጋረጃውን መሳብም እንደዚያው። ስሟን መጠየቅም። ይህን የምለው ልጫናችሁ አይደለም። በእጃችን ያለውን በእጃችን ከሌለው ጋር አንድ ላይ ጠቅልለን ከጣልነው የምናነሳው ነገር እንዳናጣ ብዬ ነው።

ደግሞ የሰው እጥረት ካለ በር ላይ የቆመውን ሰው ለምን እንመልሳለን? ስለ እናቲቱ፣ ስለ አማቲቱ፣ ስለ እህት፣ ስለ ባል ነው የማወራው። ከ17 ሀገራት የተሰበሰቡ፣ ከ15,000 በላይ ሴቶች የተካተቱባቸው 26 ጥናቶች ተገምግመው፣ ምጥ ላይ ያልተለያት ሰው ያላት ሴት ምጧ እንደሚያጥር፣ በራሷ የመውለድ ዕድሏ እንደሚጨምር፣ በኦፕሬሽን የመውለድ ዕድሏ እንደሚቀንስ ታይቷል። እንዲህ የሚያደርግ ክኒን ቢኖር በጀት ተመድቦለት ይገዛ ነበር። እኛ ጋ ነፃ መጥቶ ጥበቃው ይመልሰዋል።

የባልደረቦቼን ሥጋት አውቀዋለሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ የሌላዋ ወላድ ገመና ይታያል፣ ቤተሰብ ይጮሃል፣ በሥራችን ይገባል፣ ነገ ይከሰናል። ገመናው በመጋረጃ ይፈታል፤ የአልጋ አንሶላም ቢሆን በገመድ ይሰቀላል፣ ያደረጉት ጤና ጣቢያዎች አሉ። ጩኸቱ የሚመጣው ሰውየው ምን እንደሚያደርግ ሳይነገረው ሲቀር ነው። አንድ ሰው ብቻ አስገቡ፣ ሥራ ስጡት። ጀርባዋን እሺ፣ ውሃ አጠጪ፣ ራስጌዋ ሁኚ፣ ወደዚህ አትምጪ። ሴትዮዋ አማርኛ የማትችል ከሆነ ደግሞ ያ ሰው አፏ ነው። ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ ብቻ የምትችልን ሴት በአማርኛ «አትሰሚም እንዴ!» እያሉ መጮህ ምን ይባላል? አትሰማም እኮ። ሥጋት የሆነው የቤተሰብ ዓይንም አንድ ጥቅም አለው። እናቷ ራስጌዋ ቆመው እጁ የሚነሳ ሰው አላየሁም።

ስለ ቡናውና ስለ ገንፎው ብዙ አልልም። የእናቶች ማቆያ ያላቸው፣ ቡና የሚፈላባቸው፣ ለወላድ ገንፎ የሚገነፋባቸው ጤና ጣቢያዎች ጥሩ እየሠሩ ነው፣ ሌሎቹም ይከተሉ። ከገንፎው በፊት ግን ያቺ ግማሽ ሰዓት አለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ፣ ዕቃ አይገዛበትም። በዚህ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ማዋለጃ ክፍሉ ቀለል ሲል፣ ከመካከላችሁ አንዷ ወይም አንዱ አልጋው ላይ ይተኛ። ልብስ እንደለበሰ። እግሩ ብረቱ ላይ ይሰቀል። አምስት ሰው እግሩ ሥር ይቁም። በሩ ይከፈት ይዘጋ። አንዱ ይጩህ። ሌላዋ ደግሞ ያቺ አንጋፋ ሚድዋይፍ ያደረገችውን በቅደም ተከተል ታድርግ፤ ሰው መቀነስ፣ መሸፈን፣ ስም፣ ጎን ማስተኛት፣ የልጁን ልብ ማዳመጥና መንገር፣ በምጦቹ መሐል ማሳረፍ። ተቀያየሩ። ይህን ያደረግሁት ከተማሪዎች ጋር ነው። አልጋው ላይ ተኝቶ የወረደ ልጅ ጣሪያውን ብቻ እያየ የማያየው ሰው ሲነካው ምን እንደሚመስል ለጓደኞቹ ሲያስረዳ፣ እኔ በስላይድ ልነግራቸው ከምችለው በላይ ነበር።

ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄ መጣ፣ ሁለቱን ብቻ ላስፍር።

አንድ ወንድ ተማሪ «እኔን ሲያዩ ይሳቀቃሉ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ጠይቃት። ሴት ባልደረባ ካለች አቀያይር። ከሌለች ከመንካትህ በፊት ስምህን ንገራት፣ እናቷ አጠገቧ ትሁን፣ ከሚያስፈልገው በላይ አትግለጣት። ጥሩ ከሚባሉት ሚድዋይፎች ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፤ በር ላይ አንኳኩተው ስለሚገቡ ነው።

ሁለተኛዋ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ሲኒየራችን ሲመታ ቆሜ አያለሁ። ብናገር ኬዝ ይከለክለኛል፣ ውጤቴም በሱ እጅ ነው። ምን ልበል?» አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ብዙዎች ያው ጥያቄ ነበራቸው። ያልኳት ይህን ነው። በዚያች ደቂቃ አትከራከሪው፣ ሴትዮዋን አይጠቅማትም። ወደ ራስጌዋ ሂጂና እጇን ያዢ፤ «እኔ ላረጋጋት፣ እርስዎ የልጁን ልብ ይስሙልን» በዪው። ሥራ ስትሰጪው እጁ ሥራ ያገኛል። ሰው አጠገቧ ሲቆም ደግሞ መምታት ይከብዳል። ከዚያ በኋላ፣ ብቻሽን ሳትሆኚ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ ለአስተማሪያችሁ ንገሩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሆነውን ጽፋችሁ። ይህን ስል እዚያው አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡትን አስተማሪዎች እያየሁ ነበር። ተማሪ እንዲህ ብሎ ሲመጣላችሁ የኬዙን ቁጥር ከዚያ ሰው እጅ አውጡት። የሎግቡኩ ፊርማ በአንድ ሰው እጅ ብቻ መሆኑ ይቅር፤ ሁለት ሰው ይፈርም። ይህ የዲን ውሳኔ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር መጀመር ይቻላል።